ካባው ከመደረቡ በፊት የሚነበበው ገጽ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ነው። መጽሔት ማዘጋጀት፣ ባነር ማሰቀል፣ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበል፣ የድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ስድቡን መቀበል፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። ከሁሉም የምወደው ግን የምረቃ ቀን ሲቃረብ የምጽፈውን አንድ ገጽ ነበር። የክብር ዶክትሬት የሚሰጠው ሰው ካባው ከመደረቡ በፊት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ ዩኒቨርሲቲውም ስለ ምን እንደሚያከብረው ለሕዝብ የሚነበብ ገጽ። ቢሮ ውስጥ «ሳይቴሽን» እንለዋለን። ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሄደ መድረክ መሪው ይቆጣል፤ ተመራቂው በሐምሌ ዝናብ ሥር ተቀምጧል፣ ወላጅ ስልኩን አንሥቶ ልጁን ይፈልጋል፣ የክብር እንግዳው ሰዓቱን ያያል።

ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ካባው ላይና ከስም በፊት በምትገባው ማዕረግ ላይ ነው። እኔ ሚዛኑ ያ ገጽ ነው እላለሁ። «ስለ ምን?» የሚል ሰው ቢነሣ ገጹ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ከቻለ ክብሩ ክብር ነው። ካልቻለ ከላዩ የተደረበው ጨርቅ ብቻ ነው።

«ግን እውነተኛ ዶክተር ናቸው?» ይህን ያልጠየቀኝ የለም፤ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም። መልሴ አጭር ነበር። ፈተና አልተቀመጡም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አላቀረቡም፣ በማዕረጉ የደመወዝ እርከን አይጨመርላቸውም፣ መምህር ሆነውም አይቀጠሩበትም። ዩኒቨርሲቲው በእጁ ካሉት ማዕረጎች ትልቁን አውጥቶ፣ በክፍልና በቤተ ሙከራ ሳይሆን በሕይወት ለተሠራ ሥራ የሚሰጥበት መንገድ ነው። በብዙ አገር ልማዱ ተሸላሚው ራሱን «ዶክተር» ብሎ አለመጥራቱ ነው። እኛ ዘንድ «ክቡር ዶክተር» እንላለን፤ እኔ በዚህ አልከፋም። የሚያስቸግረው «ክቡር» የሚለው በዓመቱ ተረስቶ «ዶክተር» ብቻውን ሲቀር ነው፤ ያኔ የሚያርመው አይገኝም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ፣ የሻማና የሳሙና ሠሪ ልጅ ነው። መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን በምርምሩ ካሳየ በኋላ በስኮትላንድ ያለው ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1759 የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት «ዶክተር ፍራንክሊን» ተባለ። ማንም አላጉረመረመም፤ ስለ ምን እንደተሰጠው ሁሉም ያውቃልና።

ነገሩ ሲጀመር ግን እንዲህ ንጹሕ አልነበረም። በኦክስፎርድ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው የክብር ዲግሪ ተቀባይ ሆኖ የሚገኘው ሊዮኔል ውድቪል የሚባል ቄስ ነው፤ ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሁለት አሥርት ሲቀሩት። ሰውየው የእንግሊዝ ንጉሥ የኤድዋርድ አራተኛ ሚስት ወንድም ነበር። ስለ ምን እንደተከበረ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሥልጣንና የክብር ዲግሪ እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። የእኛው ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ካምብሪጅ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በ1954 ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ደግሞ ኮሎምቢያና ሃዋርድ ሰጧቸው። እንግዳ ንጉሥ መጥቶ ባዶ እጁን አይሸኝም። ሆኖም የሃዋርዱን ከሌሎቹ ለይቼ አያለሁ። ጥቁር ተማሪ ብዙ በር በተዘጋበት አገር፣ ጥቁር ተማሪዎች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካዊ ንጉሠ ነገሥት ካባ ሲደርብ ያ ገጽ ለተቀባዩም ለሰጪውም የሚነበብ ነበር።

በእኛ ዩኒቨርሲቲ መንገዱ እንዲህ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል ወይም ከውጭ የሆነ ሰው ዕጩውን በደብዳቤ ይጠቁማል። ኮሚቴ ያያል፣ ማስረጃ ያሰባስባል፣ ለሴኔት ያቀርባል። ሴኔቱ ሲያጸድቅ ተሸላሚው ይጠየቃል፤ ፈቃዱን እስኪገልጽ ስሙ ከፋይል አይወጣም። ከዚያ ፋይሉ ወደ እኔ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ቤተሰብ ጋ ደውሎ የካባውን ልክ መጠየቅ ነበር። «የአባትህ ቁመት ምን ያህል ነው?» ስል ከወዲያ ያለው ልጅ ዝም ይላል፤ የአባቱን ቁመት ለክቶ የሚያውቅ ልጅ የለም። «ከእኔ ትንሽ ያንሳሉ» ይለኛል፣ የእሱን ቁመት ደግሞ እኔ አላውቅም።

ከዚያ ማንበብ ነው። ከፋይሉ ውስጥ ሁልጊዜ የማገኘው አንድ ዓይነት ቋንቋ ነበር፦ «ለአገራቸው ዕድገት ያበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ»፣ «ለትውልድ አርአያ የሆኑ»፣ «ዘርፈ ብዙ ተሳትፎ»። እነዚህን ሐረጎች ከአንዱ ሰው ነቅሎ በሌላው ላይ መትከል ይቻላል፤ ከማንም ጋር አይጣሉም። እኔ የምፈልገው ከዚያ ሰው በቀር በማንም ላይ የማይቆም ዓረፍተ ነገር ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን ጉዳይ ውሰዱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዕድሜያቸው ማምሻ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። የእርሳቸውን ገጽ የሚጽፍ ሰው የሚያስቸግረው የነገር ማጣት አይደለም፣ መትረፍረፉ እንጂ። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ ቅኔ ተማሩ፤ አስተማሩ፤ ጣሊያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች ተጋዙና እዚያ ዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማት ሆኑ፣ አምባሳደር ሆኑ፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ፕሮቶኮል የሚያውቅ ጸሐፊ ሹመቱን በቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ሦስቱም ደቂቃ በሹመት ያልቃል።

ሕዝቡ ግን እርሳቸውን በሹመታቸው አያውቃቸውም። የሚያውቀው በዛብህን ነው፣ ሰብለ ወንጌልን ነው፣ ፊታውራሪ መሸሻን ነው። ጉዱ ካሳን ነው፤ እውነት ስለተናገረ እብድ የተባለውን። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ገበሬ በዛብህ መንገድ ላይ ወድቆ ሲሞት አብሮ አለቀሰ። እናቴ ሬዲዮኑ ሲጀምር ወጥ ከእሳት ታወርድ ነበር፤ ያረረ ወጥ እየበላን ከምናዳምጥ ያልበሰለ ይሻላል ብላ። የሐዲስን ገጽ ብጽፍ ሹመቱን በአንድ መስመር አልፌ የቀረውን ለጉዱ ካሳ እሰጠው ነበር። የአማርኛን ልብ ወለድ አንባቢ በራሱ ማኅበረሰብ ላይ እንዲፈርድ አድርገው የጻፉ ሰው፣ ስለዚህ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የባህል ጥናት ተቋም አለ፤ እነሱም ስለ ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

የሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሥራው ራሱ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይመጣል። ጅማ ተወልዶ፣ ኢንጂነር እንዲሆን ወደ ብሪታንያ ተልኮ፣ ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘንብሎ ቦስተን ያለው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ። ከዚያም የእኛን ቅኝቶች ሳይሸራርፍ ከጃዝ ስምምነት ጋር አገናኝቶ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ፈጠረ። በርክሊ እ.ኤ.አ. በ2012 የቀድሞ ተማሪውን ጠርቶ የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው የተማረውን ይዞ ስለመመለሱ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ራሱ የማያውቀውን ይዞ ነው የመጣው።

የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን ሳስብ ግን ብዕሬ ይከብደኛል። የእርሳቸውን ገጽ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምሰርዘው «የአፍሪካዋ ማዘር ተሬሳ» የሚለውን ነበር። በየጋዜጣው የተጻፈ ነው፣ ክፋትም የለውም፤ ግን ሰው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ የራሱ ሥራ ይሸፈናል።

የእርሳቸው ሥራ እንዲህ ነው። ሰሜን ሸዋ ፍቼ አካባቢ ተወለዱ፤ አባታቸውን የጣሊያን ጦርነት በላባቸው። በልጅነታቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ፣ ከተዳሩበትም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ ፊደል ቆጠሩ፣ ሥራ ያዙ፣ እንደገና ትዳር መሠረቱ፤ ኑሯቸው ኑሮ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ምእመን ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ወጡ። መንገዱ ረሃብ የገባበት አገር ነበር። የሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። ለመሳለም የሄዱት ሴት እርሷን ጨምሮ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ደግ ሰው ያደርገዋል። ቀጥሎ ያለው ነው የሚለያቸው። ሁለቱ ልጆች በዓመቱ ከሃያ በለጡ። ቤቱ ጠበበ፣ ባልየው በቃኝ አሉ፣ ዘመድ «አብደሽ ነው» አለ። ከቤትና ከትዳር ወይም ከልጆቹ መምረጥ ነበረባቸውና ልጆቹን ይዘው ወጡ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። የመሠረቱት ድርጅት በወጉ የተመዘገበው ከዓመታት በኋላ ነው። ማለትም ፈቃድ፣ በጀት፣ ፕሮጀክት፣ ለጋሽ የሚባሉት ሁሉ ሳይኖሩ ሥራው ነበር። ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» ይሏቸው ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም አረፉ፤ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ዓይነት ሴት ካባ ሲደርብ ምን እያለ ነው? እኔ እንደሚገባኝ ብድር እየመለሰ ነው። ማኅበራዊ ሥራን የሚያስተምር ክፍል አለን፣ ስለ ወላጅ አልባ ሕፃናት ጥናት የሚያቀርቡ ተማሪዎች አሉን፤ በዚያ ጥናት ውስጥ የሚጠቀሰውን ነገር በክፍል ሳይማሩት በእጃቸው የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ዕውቀት ከግቢው አጥር ውጭም እንደሚሠራ ዩኒቨርሲቲ በአደባባይ የሚያምንበት ቀን ብዙ አይደለም።

ብድር መመለስ ሲባል ግን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ አንድ መምህር «አንቺ ሳይቴሽን ትሰበስቢያለሽ አይደል» ብሎ ያነሣልኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቻልኩትን ያህል አነበብኩ። ቦታው በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ያለች ሃቲስበርግ የምትባል ከተማ ነች፤ ዩኒቨርሲቲው የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ።

ወይዘሪት ኦሴኦላ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለዱ ጥቁር ሴት ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ አክስታቸው ታመመችና ትምህርት አቋርጠው ማስታመም ያዙ፤ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሱም። የሰው ልብስ አጣቢ ሆኑ። ውሃ በብረት ድስት አፍልተው፣ በእጅ ፈትገው፣ ገመድ ላይ አስጥተው፣ ተኩሰው ያስረክባሉ። አንድ ሰሞን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተው ነበር፤ ነጩን በደንብ አያነጣም ብለው ተዉት። ይህን ሳነብ ሴትየዋን ወደድኳቸው። አላገቡም፣ መኪና አልነበራቸውም፣ በእግራቸው ይሄዳሉ። ካገኟት ሳንቲም ቆጥበው ባንክ ያስገባሉ፤ አያወጡም። ከሰባ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረው በ86 ዓመታቸው እጃቸው በቁርጥማት ሲታሰር ሥራ አቆሙ።

የባንኩ ሰው ከሞቱ በኋላ ገንዘቡ ለማን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ለመጠየቅ አሥር ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ ደረደረላቸው፤ እያንዳንዷ የሀብታቸው አንድ አሥረኛ ናት አላቸው። አንዷን ለቤተ ክርስቲያን፣ ሦስቱን ለዘመድ ለዩ። ስድስቱን ለዩኒቨርሲቲው። በ1995 ሲነገር ነገሩ አገር አናወጠ፦ አጣቢዋ 150,000 ዶላር ለችግረኛ ተማሪዎች ሰጥተዋል። በማግስቱ ዓመት ሃርቫርድ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የራሳቸው ከተማ ዩኒቨርሲቲም በ1998 ሰጣቸው፤ በታሪኩ የመጀመሪያው የክብር ዶክትሬት ነበር።

እዚህ ላይ ቢቆም ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን ያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. እስከ 1965 ድረስ ጥቁር ተማሪ አላስገባም። ከቤታቸው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ወይዘሪት ማካርቲ በወጣትነታቸው ልማር ቢሉ በሩ አይከፈትላቸውም ነበር።

ያንን በር ያንኳኳ ሰው ነበር፤ ክላይድ ኬናርድ ይባላል። እዚያው ሃቲስበርግ አካባቢ የተወለደ፣ በኮሪያ የዘመተ ወታደር። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ እናቱን በእርሻው ለማገዝ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ቤት ተመለሰና አጠገቡ ባለው ኮሌጅ ልጨርስ ብሎ አመለከተ። ያ ኮሌጅ የዛሬው የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደግሞ ደጋግሞ አመለከተ። በ1959 ከኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጋር ተነጋግሮ ሲወጣ ፖሊስ ጠብቆ ያዘው፤ መኪናህ ውስጥ መጠጥ ተገኘ አሉት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 25 ዶላር የሚያወጣ የዶሮ መኖ አሰርቀሃል ተባለ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎ ለመፍረድ አሥር ደቂቃ በቃው፤ ሰባት ዓመት እስር። እስር ቤት ሳለ ካንሰር ያዘው። ሊሞት ሲቃረብ ለቀቁት፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1963 በ36 ዓመቱ ቺካጎ ውስጥ ሞተ። ዋናው ምስክር እ.ኤ.አ. በ2005 ቃሉ ውሸት እንደነበር ተናገረ፤ ፍርድ ቤቱም በ2006 ነፃ ነው አለ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ያው ዩኒቨርሲቲ ለክላይድ ኬናርድ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ተቀባዩ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። የጠየቀው ዶክትሬት አልነበረም፤ ክፍል ገብቶ የጀመረውን መጨረስ ነበር። ሆኖም ባይሰጠው ይሻል ነበር አልልም። ያ ገጽ ሲነበብ ዩኒቨርሲቲው የራሱን በደል በራሱ ምረቃ ቀን፣ በራሱ ተማሪዎች ፊት ማስነበብ ነበረበት። ከማካርቲ ገጽ ይልቅ ይህኛው ሰጪውን ያስከፍለዋል። ለጋስን ማመስገን ለማን ይከብዳል?

ዩኒቨርሲቲዎች ክብሩን ሲከለክሉም ያው ጥያቄ ነው የሚነሣው። ማርጋሬት ታቸር የኦክስፎርድ ተማሪ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1985 የክብር ዶክትሬት ይሰጣቸው ተብሎ ለመምህራኑ ጉባኤ ሲቀርብ 738 ተቃወሙ፣ 319 ደገፉ፤ ቀረ። መንግሥታቸው ለዩኒቨርሲቲና ለምርምር የሚመደበውን ገንዘብ እየቆረጠ ነውና «ስለ ምን?» ለሚለው መልስ አላገኙም። ኤዲንብራ በ1984 ለዚምባብዌው መሪ ለሮበርት ሙጋቤ የሰጠውን በ2007 ነጠቀ። ቦስተን አጠገብ ያለው ኤም አይ ቲ ደግሞ ከነጭራሹ ለማንም አይሰጥም፤ መሥራቹ ዊሊያም ባርተን ሮጀርስ የክብር ዲግሪን የሚጸየፍ ሰው ነበር። ጠንካራ አቋም ነው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ብዙ ሽልማት ባለበት አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢቀርበት አይጎዳም። አበበች ጎበናን አደባባይ አውጥቶ «እናመሰግናለን» የሚል ስንት ተቋም አለን?

የገንዘቡን ነገር ካላነሣሁ የጡረታ ጓደኞቼ ይታዘቡኛል። አንድ ዓመት የአንድ ባለሀብት ፋይል መጣልኝ። ሕንፃ ያሠራሉ፣ ለግቢው የሆነ ነገር ለመለገስ ቃል ገብተዋል። ፋይሉ ወፍራም ነበር፤ የተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ሁሉ ኮፒ ተደርጎ ተያይዟል። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። እኔ ግን ያችን ዓረፍተ ነገር አጣኋት። ኮሚቴው ጋ ሄጄ «ስለ ምን ልበል?» አልኩ። አንደኛው «ለልማት» አለ። «የትኛው ልማት?» አልኩ። «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» አለኝ። በመጨረሻ ዘርፈ ብዙ ተሳትፎአቸውን ጻፍኩ። ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ካባው ተደረበ። ቤተሰቡ ፎቶ ሲነሣ እኔ መድረኩ ሥር ቆሜ ነበር፤ ጎኔ የነበረች የአንድ ተመራቂ እናት «ምን ሠርተው ነው?» አለችኝ። ያቺን ሴት ሴኔት ውስጥ ባስገባት ደስ ባለኝ።

እንግዲህ ይህን የሚያነብ ሰው አንድ የማይካድ ነገር ሊለኝ ይችላል፦ የሚገባቸው ሰዎች ለምን አይሸለሙም? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ክፋት አይደለም። የጠቆማቸው የለም። የባለሥልጣንና የባለሀብት ፋይል ራሱ እየሮጠ ይመጣል፤ ሃምሳ ዓመት ያዋለዱ ሴት ፋይል የላቸውም። ኮሚቴ ደግሞ ያልቀረበለትን አያይም። በከተማችን ዳርቻ ምንጭ ሲያጎለብቱ የኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሦስት ቀበሌ ውሃቸውን ይጠጣል። ሁሉም «ለሳቸው ነበር መስጠት» ይላል፤ ደብዳቤ የጻፈ ግን አላየሁም። ከሞቱ በኋላ ነው ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሳምንት የመጣው።

ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ ጻፉ። «ታላቅ»፣ «ዘርፈ ብዙ»፣ «አርአያ» የሚሉትን ተዉአቸው፤ ቢሮው ሞልቷቸዋል። መቼ ጀመሩ፣ የት፣ በምን ገንዘብ፣ ምን አጡበት፣ እርሳቸው ባይኖሩ ዛሬ ምን ይጎድል ነበር፣ እነዚህን ጻፉ። በገዛ ዓይናቸው ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎች ጥቀሱ፣ ከተቻለ ዘመድ ያልሆኑ። የቁመታቸውንም ነገር ቀድማችሁ ብትለኩ በቦታዬ የተተካችው ልጅ ታመሰግናችኋለች። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ከሆነ ይበቃል። የምስክሮቹ ስልክ ግን የሚሠራ ይሁን።